ፎቶው ላይ ያለው ፀጉር

ደንበኛ ገና ሳትቀመጥ ስልኳን ትዘረጋና «ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ» ትላለች። በአርባ ምንጭ ፀጉር ቤቶች፣ ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ የተለመደ ትእዛዝ ነው፤ ግልጽም ይመስላል። እኔ ግን ለእኛ ለሠሪዎቹ ከዚህ የባሰ አሳሳች ትእዛዝ የለም ባይ ነኝ። የባለፎቶዋ ፀጉር የራሷ ይሁን ሂውማን ሄር፣ ሪላክሰር የተቀባ ይሁን ለዚያች ሰዓት ብቻ ካስክ የገባ፣ ፎቶው አይናገርም። ሪላክሰር የፀጉሩን የውስጥ ትስስር ስለሚሰብር አዲስ እስኪበቅል አይመለስም፤ በሙቀት ብቻ የተዘረጋው ግን እርጥበት ሲያገኘው ይጠቀለላል። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ሞቃት ከተማ ላቡ ከግንባር ዳር ይጀምረዋል፤ የምትሄደው ደጋ ላይ ወዳለችው ጨንቻ ለሰርግ ከሆነ ደግሞ ጭጋጉ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከሞዴሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሪላክሰር መቼ እንደተቀባች፣ የት እንደምትሄድበትና መቼ እንደምትታጠበው ነው።

ርዝመትም እንዲሁ ነው። «ሁለት ጣት ብቻ ቁረጪልኝ» ሲባል ጣቱ የሚለካው በደረቅ ፀጉር ላይ ነው ወይስ ታጥቦ በተሳበው? ጥቅልል ፀጉር ርጥቡን ሲስቡት ትከሻ ይደርስና ሲደርቅ ጆሮ ሥር ሊሰበሰብ ይችላል። መቀስ ከመነሳቱ በፊት ደረቁን ፀጉር በማበጠሪያ ይዞ በመስታወት «እዚህ ጋ?» ማለት ብዙ ኩርፊያ ያስቀራል። በዚህ ረገድ ወንዶቹ ይሻላሉ፤ የቶንዶሱ ቁጥር 1 ሦስት፣ ቁጥር 2 ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ያስቀራል፤ ክርክር የለም።

«ጥያቄ ማብዛት ሥራ አለመቻል ያስመስላል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። በመስቀል ዋዜማ፣ ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ሁሉ ወረፋ ሲይዝ፣ ነገሩ እውነትም ከባድ ነው። ግን ሁለት ደቂቃ ጠይቆ መጀመር ያለቀ ሹሩባ ከመፍታት ይቀላል። ትልቅ ሴት ስትመጣ ወጣቷ ሠሪ በአክብሮት ዝም ትላለች፤ ይህ ዝምታ ነው የሚጎዳው። «እትዬ፣ ይኼ ፀጉርዎን ይነቅልብዎታል» ማለት ድፍረት አይደለም።

በሌላ በኩል፣ «እኔ አውቅልሻለሁ» ብሎ ሳይናገሩ ሞዴሉን መለወጥ አለ። የፊልም ሰው ይህን ቢያደርግ ይቻለዋል። የፊልም ዳይሬክተሩ ታርኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሶላሪስ»ን ሲሠራ የስታኒስላቭ ሌምን ልብ ወለድ በራሱ መንገድ ወሰደው፤ ደራሲው አልወደደለትም፤ ፊልሙ ግን እስከ ዛሬ አድናቂ አላጣም፤ መጽሐፉም ምንም አልሆነ። የደንበኛዋ ፀጉር ግን የሚያድገው በወር ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ያንን ሁሉ ወር ተሸክማው የምትዞረው እሷ ናት።

ፎቶው ይቅር ማለቴ አይደለም። የቱ እንደማረካት በጣቷ ታሳየኝ፤ አንዳንዴ የወደደችው የግንባሩን ዳር ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴም የልጅቷን ፊት። ከሁሉ የሚሻለው ግን የራሷ የድሮ ፎቶ ነው፤ ፀጉሯ ደስ ብሏት የነበረ ቀን የተነሳችው። እሱ ላይ ያለው ፀጉር ቢያንስ የእሷ ነው፤ ምን ተቀብቶ እንደነበርም ታስታውሳለች።