«ትኩስ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ጥሬ ሥጋ ከኮፐንሃገን እስከ ሉማሜ

የፋሲካ ዕለት ሉማሜ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ የስዊድኖችን ጥሬ ሥጋ ለመሥራት ተነሣሁ። «ሮቢፍ» ይሉታል፤ ዴንማርኮቹ ደግሞ «ታታር»። በቢላ ደቆ የተከተፈ ቀይ የበሬ ሥጋ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ይቀመጥበታል፣ ዙሪያውን ሽንኩርት፣ ቀይ ሥርና ኬፐር የሚባል ጨው ውስጥ የቆየ የአበባ እምቡጥ። ዴንማርኮቹ ጥቁር ዳቦ ላይ ያደርጉትና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሥር ይፈቀፍቁበታል። ኬፐር ሉማሜ ከየት ይምጣ፣ ተውኩት። በሥሩ ፈንታ ሰናፍጭ ነበረን፤ እውነቱን ለመናገር ሰናፍጩ ይሻላል።

እናቴ ሳህኑን አየችና «ይኼማ ክትፎ ነው፤ ምኑ ነው አዲሱ?» አለች።

የናቴ አስተያየት ግማሹ ልክ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ታታር በተወራ ቁጥርም ከኛ ሰው የሚመጣው መልስ ይኸው ነው። ግን ክትፎን ክትፎ የሚያደርገው መከተፉ ብቻ አይደለም። ጉራጌዎች የሠሩት ነገር ከቅቤው ይጀምራል፦ ነጥሮ፣ ኮረሪማ ገብቶበት፣ ለብ ብሎ ሥጋው ላይ ሲፈስ ሚጥሚጣውን ይዞ ይገባል። ለብለብ ያላችሁት እንደሆነ ደግሞ ምጣዱን ነክቶ ይወጣል። ክትፎ ሙቀትን ይፈልጋል። ታታር ሙቀትን ይፈራል። ስቡ ከአስኳል ነው የሚመጣው፣ ሳህኑ ሳይቀር ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ጥሬ ስለሆኑ አንድ ናቸው ማለት እንጀራና ዳቦ ሁለቱም ዱቄት ናቸው እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የሰሜን አውሮፓ ምግብ ሠሪዎች ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው «አዲሱ የኖርዲክ ምግብ» የሚል የአቋም መግለጫ አወጡ። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ካስቀመጧቸው ቃላት ውስጥ ንጽሕናና ትኩስነት አሉ። ከዓመት በፊት የተከፈተው የሬኔ ሬድዜፒ ምግብ ቤት ኖማ በኋላ ስሙን ካስጠሩለት ምግቦች አንዱ ጥሬ ሥጋ ነበር፦ የበሬ ሥጋ፣ በላዩ ኮምጣጣ የዱር ቅጠል፣ ጎኑ ላይ የጥድ ፍሬ ዱቄት። ያለ ሹካ፣ በእጅ ይበላል። በእጅ መበላቱ እንደ ትልቅ ድፍረት መወራቱ ያስቀኛል፤ ይለፍ።

የሚያከራክረኝ ሌላ ነው። «ትኩስ» የሚለው ቃል።

ሉማሜ ላይ ትኩስ ሥጋ ማለት ቃል በቃል ትኩስ ነው። የቅርጫው በሬ ሌሊት ይታረዳል፣ መደብ ይመደባል፣ ብርንዶው ሙቀቱ ሳይወጣለት አዋዜ ይነካል። ሰውየው ቢላውን ይዞ ራሱ እየቆረጠ ይበላል፤ ማንም አይከትፍለትም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከዚህ ሥጋ ታታር ልሥራ ብዬ ሞከርኩ። አልሆነም። ሙቅ ሥጋ ቢላ ላይ ይለጠፋል፣ ደቆ አይከተፍም፣ አስኳሉም ተንሸራቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀረ። አንድ ነገር ብቻ ተሳካ። በኖማው ኮምጣጣ ቅጠል ፈንታ ከአጥራችን ሥር እምቧጮ ቀጥፌ ነበር፤ ልጅ ሆነን እረኝነት ስንሄድ የምናኝከው ያ እምቧጮ። ከጮማው ጋር ሲገናኝ በጣም ደስ አለኝ። (ጥዱን አልሞከርኩትም። የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ዝርያው ከነሱ የተለየ ነው፤ የማላውቀውን ፍሬ ሰው አላበላም።)

የኖርዲኩ «ትኩስ» ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሥጋ ከታረደ በኋላ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የለሰለሰ ነው። ታዲያ እኔም ድርሻዬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቼ ለማግሥቱ አሳደርኩት። ወንድሜ ሲሰማ «ያደረ ሥጋ? በጥሬው?» አለ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ከልቡ መጸየፍ ነበር። ኮፐንሃገን ላይ ሙያ የሆነው ማሳደር ሉማሜ ላይ ነውር ነው። ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው፤ እነሱ የሚያምኑት ቅዝቃዜውን ነው፣ እኛ ሰዓቱን። የምግብ አሠራር መጻሕፍቱ ጨዉን በቁንጥር ሲቆጥሩ ዋናውን ቅመም፣ ከቄራ እስከ ሳህን ያልተቋረጠውን ቅዝቃዜ፣ አይጽፉትም። እንደ አየር ነው ለነሱ። ከዚህ ሆኜ ሳነብ ግን መጀመሪያ የሚጎድለኝ እሱ ነው።

ወገኔን ብቻ ደግፌ እንዳልወጣ፣ በእኛም በኩል የማይነገር ነገር አለ። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ አየሁ ብሎ ሲጽፍ ለንደን ላይ ብዙ ሰው ውሸታም አለው። ዛሬ በተራችን «እኛ ድሮ ጀምረን» እንላለን፤ በዚያው አፋችን ስለ ኮሶ ዝም። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለጌጥ አልነበረም። አማርኛችን ትሉንም፣ ዛፉንም፣ መድኃኒቱንም በአንድ ስም ነው የሚጠራው፤ ይህ ራሱ ስንት ዘመን አብረን እንደኖርን ይናገራል። ትኩስነት የኮሶን እጭ አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው፣ አለዚያም ለቀናት የቆየ ጽኑ በረዶ። በረዶው ደግሞ በቢላና በእጅ የሚመጣውን ባክቴሪያ አይገድልም፤ እንዳይራባ ያቆየዋል እንጂ። ስለዚህ ታታር የሚሠራ ሰው በማሽን የተፈጨ አይገዛም፤ ሙሉ ብልት ገዝቶ፣ ላዩን ገፎ ጥሎ፣ ውስጡን ራሱ ይከትፋል። እዚህ ላይ ስዊድኖቹን አደንቃለሁ። ጥንቃቄያቸውን የአሠራሩ አካል አድርገውታል፤ እኛ ጋ ጥንቃቄው ከበሉ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሰኞ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሥጋው ቀዝቃዛ ነበር። ቀይ ሥሩን ቀቅዬ፣ ሽንኩርቱን ከትፌ ጨርሻለሁ። እናቴ መጥታ የበረዶውን ሳጥን ሳበችና ውኃውን አሳየችኝ። በረዶው ቀልጦ ገና እንደገና ሊረጋ ሲጀምር ነው። «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር» አለች። ስንት ሰዓት? ማን ያውቃል፣ ሁላችንም ተኝተን ነበር። እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷ እንኳ መጀመሪያውኑ አትቀምስም፤ ግን እንግዶች እየመጡ ነው፣ ሕፃናትም አሉ።

ተከራከርኩ። ሽታውን አሸተትኩት፣ ቀለሙን አየሁት፤ ምንም የለውም። እናቴ መልስ አልሰጠችኝም፤ ምጣዱን ጣደች። ሥጋውን በቃሪያና በቅቤ ጠበሰችው፤ እምቧጮውን ጨርሶ አልነካችውም። ጥብሱ ሲቀርብ ከጎኑ አድርጌ እኔው በላሁት።