የጨዋታ ሕግ ለማን ይጻፋል?

ስለ አገራችን ጨዋታዎች እስከ ዛሬ የተጻፈው እንደሚባለው ጥቂት አይደለም። ጕድለቱ ከማነሱ ሳይሆን፣ አብዛኛው ጽሑፍ ለማን እንደ ተጻፈ ሳይለይ መቅረቱ ነው። በአምቦና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ፣ ልጆች መሬት ቈፍረው በጠጠር የሚጫወቱት ጨዋታ በአማርኛ ገበጣ፣ በኦሮምኛ ሰዴቃ ይባላል። ይህን ጨዋታ ማንም ከመጽሐፍ አይማረውም፤ ታላቁ ሲጫወት ታናሹ አጠገቡ ቍጢጥ ብሎ እያየ ይለምደዋል። ዛሬ ግን ለውድድር፣ ለትምህርት ቤት፣ ለእጅ ስልክም ጭምር በጽሑፍ ይፈለጋል። ስለዚህ እስካሁን እንዴት እንደ ተጻፈ መመርመሩ የተገባ ነው።

አስቀድሞ የምሁራኑን እንይ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች አንድ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዐይነቶች ሰብስቦ ረዥም ጥናት አወጣ። የፓንክረስት ሥራ ዋናው ብልጫ አንዱን አጨዋወት «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ሌላውን አለመጣሉ ነው። ልዩ ልዩውን አጨዋወት ጐን ለጐን አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢው ይተዋል። ለተመራማሪ የሚጻፍ እንዲህ ነው። ነገር ግን ይህንኑ ጥናት ገበጣ አይቶ ለማያውቅ ሰው ሰጥተን «በል ተጫወት» ብንለው መጀመሪያ የሚያነሣውን ጠጠር እንኳ አያውቅም። ይህ የጸሐፊው ነቀፌታ አይደለም፤ ለዚያ ሰው አልጻፈውምና።

ነቀፌታ የሚገባው አንዱ ጽሑፍ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲገደድ ነው። ለምሳሌ የውድድሩን ሕግ እንውሰድ። በባህል ስፖርት ውድድር ገበጣ ባለ 12 ጉድጓድና ባለ 18 ጉድጓድ ተብሎ በሁለት ተከፍሏል። ባለ 12ቱ ሁለት ረድፍ ነው፤ በተለመደው አጨዋወት በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ቢገባ 48 ይሆናል። ባለ 18ቱ ሦስት ረድፍ ሆኖ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ቢገባ 54 ይሆናል፤ ከመካከለኛው ረድፍም ግማሹ የአንደኛው፣ ግማሹ የሁለተኛው ተጫዋች ነው። ዳኛ ያለ እንዲህ ያለ ቍርጥ ሕግ ሊዳኝ አይችልምና መወሰኑ ተገቢ ነው። ከጌዶ የመጣው ልጅና ከጎንደር የመጣው ልጅ ፊት ለፊት ሲቀመጡ አስቀድሞ የተቈረጠ ነገር ከሌለ ጨዋታው ወደ ጠብ ይሄዳል። ሆኖም ይኸው የዳኛ ወረቀት ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ «የአገራችን ገበጣ ይህ ነው» የሚል ትርጕም ይይዛል። አያቱ ያስተማረችውን አጨዋወት ይዞ የመጣ ተማሪ «ተሳስተሃል» ይባላል። ልጁ ግን አልተሳሳተም፤ ወረቀቱ ለእርሱ አልተጻፈም። በወረቀቱ ራስጌ «ይህ ለውድድር ዳኞች የተወሰነ ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ይህን ያህል ጉዳት ባልደረሰ ነበር።

ሦስተኛው አንባቢ አዲስ ነው፤ እርሱም ጨዋታውን በኮምፒዩተር የሚሠራው ባለሙያ ነው። በዚህ ሞያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚዘጋጀው ጽሑፍ የጨዋታ ንድፍ ሰነድ ይባላል። ገንዘብ ለሚሰጠው ሰው የሚቀርበው አጭር ነው፤ ጨዋታው ለምን ደስ እንደሚያሰኝ በጥቂት ገጽ ይነግረዋል። ለሠዓሊው የሚሰጠው የመልክና የቀለም ነገር ይበዛበታል። ፕሮግራሙን ለሚጽፈው የሚሰጠው ግን ከሁሉ የከበደ ነው፤ መኪናው «እንደ ተለመደው» የሚባል ነገር አያውቅምና። በገበጣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ተጫዋቹ በጉድጓዱ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ማደሉን ይቀጥላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ተራ ሳያልቅ እየዞረ ቢቀጥልስ? በዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ «በቃ» ይላል። በስልክ ላይ «በቃ» የሚል ሽማግሌ የለም፤ ጸሐፊው አስቀድሞ ካልወሰነው ስልኩ እስኪደነዝዝ ጠጠሩን ሲያዞር ይኖራል። ስለ ገበጣ በተጻፉት ብዙ ገለጻዎች ይህ ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም። ምክንያቱም ለሰው የተጻፉ ናቸው፤ ሰው ደግሞ ጕድለቱን ከራሱ ይሞላል።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚገልጥልን ሰንጠረዥ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በኢትዮጵያ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1868 በለንደን ታትሟል፤ በዚያም ስለ ሰንጠረዥ አጨዋወት ይናገራል። የኛ ሰንጠረዥ ከፈረንጆቹ የሚለየው በአጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ እየለዋወጠ፣ እንደ ፈቀደው ያንቀሳቅሳል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሠራዊት ሲበላ ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ለማን? ለተመራማሪው ያ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ለዳኛው ግን አይበቃውም፤ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ቢዘረጋ መጀመሪያ የበላው ማን ነው? ለኮምፒዩተር ባለሙያውማ ወረራ ራሱን የቻለ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ሁለት ሰው በሁለት ስልክ በአንድ ቅጽበት ሲጫወት የማን እንቅስቃሴ እንደሚቀድም እስከ ሴኮንድ ክፍልፋይ መወሰን አለበት። ጀማሪው ተጫዋች ደግሞ ከዚህ አንዱንም አይፈልግም። የሚፈልገው በወረራ ጊዜ ዐይኑን ከሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከባላጋራው እጅ ላይ እንዳይነቅል የሚነግረውን ሰው ነው።

ደግሞም ሕግ ያልሆነ፣ ነገር ግን ከሕግ የማያንስ ነገር አለ። በሰንጠረዥ ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት እንደ ትልቅ ጥበብ አይቈጠርም ነበር፤ በደካሞቹ ሠራዊት ማሸነፍ ነው የሚያስመሰግን። ይህን የት እንጽፈዋለን? በዳኛ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም፤ ነጥብ አያስገኝምና። በፕሮግራም ሰነድ ላይ ቢጻፍ ባለሙያው «ታዲያ ምን ላድርግበት?» ይላል። ከሁለቱም ከተተወ ግን የቀረው ጨዋታ የመኳንንቱ ሰንጠረዥ መሆኑ ያጠራጥራል። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ነገር ለተጫዋቹ በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ ይገባዋል።

የገና ጨዋታም ነገር ከዚህ አይርቅም። መንደርና መንደር ቍጥር ሳይወሰንለት፣ የሜዳው ዳርቻ ሳይሠመር የሚጋጠምበትን ጨዋታ በሜዳ ልክና በተጫዋች ቍጥር መወሰን ለውድድር የግድ ነው፤ ለበዓሉ ግን የግድ አይደለም። ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ በምዕራብ ሸዋ ያሉትን ጨዋታዎች ለመጻፍ ለሚነሣ ተማሪ አንድ መፈተኛ አቀርባለሁ። የጻፈውን ገጽ ጨዋታውን ተጫውቶ ለማያውቅ ጓደኛው ይስጥ፤ ጠጠርም ይስጠው፤ ራሱ ግን ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጥ። ጓደኛው ቀና ብሎ «አሁንስ?» ባለበት ስፍራ ሁሉ ጽሑፉ ጐድሏል ማለት ነው። ያን ስፍራ ምልክት ያድርግበት። ለተመራማሪ የሚጽፍ ከሆነ ግን ገጹን ሊሰጥ የሚገባው ለሌላ ሰው ነው፤ ጨዋታውን ለነገሩት ሽማግሌ ያንብብላቸው፤ «ይህስ የእኛ አይደለም» ካሉ ከየት እንዳመጣው ይመርምር።

የቋንቋውም ነገር ችላ አይባል። በአምቦ ልጁ «ሰዴቃ» የሚለውን ጨዋታ ወረቀቱ «ገበጣ» ብቻ ብሎ ከጠራው፣ ልጁ ስለ ሌላ ጨዋታ የተነገረ ሊመስለው ይችላል። ሁለቱም ስም በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ጠጠሩ የሚታደልበትም አቅጣጫ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕል ላይ በቀስት ይታይ፤ ፊት ለፊት ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ነውና።