የአስተርጓሚው ሰዓት፤ ስለ እንግዳ ተማሪዎች ልምምድ በወጣ መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

የጤና ሙያ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ተማሪው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ መልመድ ይኖርበታል። ይህ ልምምድ ድንበር ተሻግሮ፣ የአንዱ አገር የሕክምና ወይም የነርስ ተማሪ በሌላው አገር ሆስፒታል ለጥቂት ሳምንታት ሠርቶ መመለሱ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ለዚሁ ልማድ ሥርዓት ለማበጀት ጆን ክረምፕና ጄረሚ ሹገርማን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር አዘጋጅተው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የትሮፒካል ሕክምናና ሃይጂን መጽሔት ያወጡትን የሥነ ምግባር መመሪያ ነው።

መመሪያው ላኪና ተቀባይ ተቋሞችን፣ ተጓዥ ተማሪዎችንና ገንዘብ ሰጪዎችን ይመለከታል። ጥቅሙ የጋራና የተመጣጠነ እንዲሆን፣ የተቀባዩ አገር ፍላጎት እንዲታሰብበት፣ ተማሪው ከትምህርት ደረጃው በላይ እንዳይሠራ፣ የአስተናጋጁም እውነተኛ ወጪ ታውቆ እንዲካስ ያሳስባል። እንግዳው ምን ተማረ ከሚለው ጥያቄ አልፎ፣ አስተናጋጁ ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ ብሎ መጠየቁ የሚያስመሰግነው ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ላይ እንከራከራለን፤ ይኸውም ቋንቋ ነው። መመሪያው ተጓዡ ተማሪ ለሥራው የሚያስፈልገውን የአገሩን ቋንቋ እንዲማር ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ለአራት ሳምንት የሚመጣ ሰው «የት ላይ ያምዎታል» ማለትን ቢማር እንኳ መልሱን ሊረዳ አይችልም። በጥያቄውና በመልሱ መካከል የሚቆመው የአስተናጋጁ አገር ተማሪ ነው፤ እኛም ቆመንበታል።

አንድ ቀን ጧት፣ ስሙን በማንጠቅሰው ሆስፒታል፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ተማሪ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ሆዳቸው አብጦ ተኝተው ሳሉ ልትመረምራቸው ፈለገች። ልጅቱ ትሑት ነበረችና አስቀድማ ፈቃድ እንድንጠይቅላት ለመነችን። እኛም «እማማ፣ ይህች ተማሪ ሆድዎን ልታይ ትፈልጋለች፤ ፈቃድዎ ነው?» አልናቸው። እርሳቸው ግን እንግዳይቱን ሳይሆን እኛን አዩ። «ትላንት ሁለት ጊዜ ታይቻለሁ፤ ያመኛል። እናንተ ካላችሁ ግን ምን እላለሁ ልጆቼ፣ እሺ» አሉ። እኛም ይህን ሁሉ ቃል ጠቅልለን «እሺ ብለዋል» ስንል ተረጐምን።

ጥፋቱ የእንግዳይቱ አልነበረም፤ እርስዋ የሚገባውን ጠይቃለች። ጥፋቱ የእኛ ነው። ነገር ግን የእኛ ብቻ ነው ብለን ብንዘጋው ትምህርቱ ይቀራል። በዚያ ክፍል የተሰጠው ፈቃድ ለእንግዳይቱ የተሰጠ ሳይሆን፣ ለአገር ልጅ ይሉኝታ የተከፈለ ነበር። ሆስፒታሉም አስተርጓሚ ስላልመደበ፣ ማስተርጐምን ማንም ያላስተማረን ተማሪዎች የሕመምተኛውን ቃል እንዳሻን እያሳጠርን እናስተላልፍ ነበር። በዚያው ጧት እኛ ራሳችን ልንመረምራቸው የሚገቡንን ሕሙማን ሳናይ ራውንዱ አለቀ። ስለዚህ መመሪያው «እውነተኛ ወጪ» የሚለው ቃል የአልጋና የምግብ ሒሳብ ብቻ ተደርጎ እንዳይነበብ እንሻለን፤ የአስተርጓሚው ተማሪ ሰዓትና የሕመምተኛው ድካም ከወጪው ዋነኞቹ ናቸው።

ከእንግዶቹ ጋር በመዋላችን እንግሊዝኛችን ይሻሻላል፣ መጽሐፍና ወዳጅ እናገኛለን የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው፤ አግኝተናልም። ይሁን እንጂ ይህ ለእኛ የሚተርፍ ጥቅም ነው እንጂ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሆዳቸው ለተነካው እናት ምንም አይከፍላቸውም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ መኖሩን በአገራችን የታየ ሥራ ያስረዳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ለማሠልጠን ተባበሩ። ከቶሮንቶ ሁለት አስተማሪዎችና ትምህርቱን ሊፈጽም የተቃረበ አንድ ሠልጣኝ ሐኪም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር። እዚህም ቢሆን የቋንቋው ችግር አይጠፋም። ነገር ግን እንግዳው ሠልጣኝ ከአስተማሪዎቹ ጋር ይመጣል፤ የሚመጣበትም ሥራ የአስተናጋጁ ሠልጣኝ የሚማርበት ነው።

ከዚያም በፊት በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተባብረውበታል። የጤና መኮንኑ፣ የኮሙኒቲ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያ ይለማመዱ ነበር። የውጭ እርዳታ የመጣው አገሩ ለሚያስፈልገው ሠራተኛ ነበር፤ ልምምዱም የተቀረጸው በሕዝቡ ችግር ልክ ነው።

እንግዲህ እንግዶች አይምጡ አንልም። የምንለው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ተቀባዩ ሆስፒታል ለማስተርጐም የተመደበ ሰው ከሌለው፣ ተርጓሚ ተማሪዎች በተራ ይመደቡ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሥራውም እንደ ትምህርት ተቈጥሮ አስቀድሞ ይማሩት፣ ያመለጣቸውም ልምምድ ይተካላቸው። ሁለተኛ፣ የሕመምተኛው መልስ ሳይጐድል ይተርጐም፤ አንድ ሕመምተኛም በቀን ስንት ጊዜ ለትምህርት ሊመረመር እንደሚችል ይወሰን። ሦስተኛ፣ ውል ሲፈረም የእኛም ተማሪዎች ወደ ላኪው አገር የሚሄዱበት ቦታና የጉዞው ወጪ ከነምንጩ በውሉ ይጻፍ፤ ያለዚያ «የጋራ» የሚለው ቃል ባዶ ነው።

እነዚህ ሁሉ እስኪሆኑ ድረስ ግን ማንንም ሳንጠብቅ ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር አለ። እናትዬዋ «ያመኛል» ሲሉ፣ «ያማቸዋል» ብለን እንተርጕም።