ስለ «ቀዩ ፊደል»

አሜሪካዊው ደራሲ ናታኒኤል ሆቶርን «ቀዩ ፊደል» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለድ ያሳተመው፤ ከሴሌም የጉምሩክ ሹመቱ እ.ኤ.አ. በ1849 ከተሻረ በኋላ፤ በ1850 ነው። ከአያቶቹ አንዱ ጆን ሃቶርን በ1692 በጥንቆላ የተከሰሱትን ከመረመሩት ዳኞች መካከል ነበር። ስለዚህ ደራሲው የሚመረምረው የገዛ ወገኖቹን ፍርድ ነው።

ሄስተር ፕሪን ከባልዋ ሌላ በመውለድዋ፤ የቦስተን ፑሪታኖች የምንዝርን ምልክት በደረትዋ ለጥፋ እንድትኖር ፈረዱባት። እርስዋ ግን ፊደሉን በወርቅ ክር ጠለፈችው፤ ድኻ እየረዳች፤ ሕመምተኛ እያስታመመች ስትኖርም ሕዝቡ ራሱ ትርጉሙን ለወጠው። የልጅቱ አባት ሰባኪው ዲምስዴል ግን ኃጢአቱን ሰውሮ ሰባት ዓመት ሲመሰገን ኖረ።

የመቀጫው መድረክ ሦስት ጊዜ ይታያል፤ መጀመሪያ ሴቲቱ በቀን ተገዳ፤ ቀጥሎ ሰባኪው በሌሊት ተደብቆ፤ በመጨረሻም ወድዶ በሕዝብ ፊት ይቆሙበታል። የመጽሐፉ ኃይል በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። የምንነቅፈው ቢኖር ባልየውን ቺሊንግወርዝን ነው፤ ደራሲው በቀሉን እጅግ ስላጠቆረው ሰውነቱ ሊጠፋብን ይደርሳል።

ከውጭ የተለጠፈ ኀፍረት በመልካም ሥራ ሊለወጥ ይችላል፤ የተሰወረውን በደል ግን ውዳሴ ያከፋዋል። በሰው ላይ ለመፍረድ ሥልጣን ያለን ሁሉ ይህን መጽሐፍ ብናነብ እንጠቀማለን።