የሌለው ጉልላት፦ ስለ አንድ የሮም ጣሪያ

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለ አንድ ጣሪያ ነው። ጣሪያ ምን ወሬ አለው እንዳትሉ፤ ይኼኛው ብዙ ወሬ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮም ከተማ ውስጥ የቅዱስ ኢግናጢዮስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጣልያኖቹ ሳንትኢኛዚዮ ይሉታል። በዋናው በር ገብቶ መሐል ለመሐል የሚሄድ ሰው ወለሉ ላይ አንድ ክብ እብነ በረድ ያገኛል። እዚያ ላይ ቆሞ ቀና ሲል ጣሪያው የለም። ግድግዳው ወደ ላይ ይቀጥላል፤ በዓምድ ላይ ዓምድ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። በሰማዩ ውስጥ ቅዱሳንና መላእክት ሽቅብ ይወጣሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከላይ ያለው ለሁለት እንደ ተሰነጠቀ በርሜል የጎበጠ ጣሪያ ነው። ዓምዱም፣ ቅስቱም፣ ሰማዩም ቀለም ነው።

ወደ መቅደሱ ራመድ ሲባል ሌላ ምልክት አለ። እዚያ ቆመው ሲያዩ ደግሞ ከላይ ትልቅ ጉልላት ይታያል፤ ውስጡ ጎድጎድ ያለ፣ በዓምዶች የተከበበ። እሱም የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታቀድ ጉልላት ነበረው፤ ሳይሠራ ቀረ። በቦታው የተዘረጋው 17 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሸራ ነው።

ሁለቱንም የሠራው አንድሬያ ፖዞ ይባላል። በ1642 ትሬንቶ ተወለደ፤ በ1709 ቪየና ውስጥ ሞተ። ቄስ አልነበረም፤ በኢየሱሳውያን ማኅበር ውስጥ ክህነት ሳይቀበል በእጁ ሥራ የሚያገለግል ወንድም ነበር። ሸራውን በ1685 ሠራ፤ ትልቁን ጣሪያ በ1694 ጨረሰ።

እንዲህ ያለውን አሳሳል ፈረንሳዮች «ትሮምፕ ሎይ» ይሉታል፤ ዓይን አታላይ ማለት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፕሊኒ የሚባለው የጥንት ሮማዊ ጸሐፊ ስለ ሁለት ግሪካውያን ሠዓሊዎች ያወራል። ዜውክሲስ ወይን ሳለ፤ ወፎች እውነት መስሏቸው ሊለቅሙት መጡ። ተቀናቃኙ ፓራስዮስ መጋረጃ የተጋረደበት ሥዕል አቀረበ። ዜውክሲስ ኮራ ብሎ «በል መጋረጃውን ግለጠውና ሥዕልህን እንየው» አለው። ለካ ሥዕሉ ራሱ መጋረጃው ነው! ዜውክሲስ ተሸነፈ፤ እሱ ያታለለው ወፍን ነው፣ ፓራስዮስ ግን ሠዓሊን።

ገይስብሬኽትስ የሚባል የፍላንደርስ ሰው ደግሞ በ1670 አካባቢ የአንድ ሥዕል ጀርባን ሳለ። እንጨቱ፣ ሚስማሩ፣ ቁጥር 36 የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት፣ ሁሉም አለ። ሰው ገልብጦ ፊቱን ማየት ያምረዋል፤ ሲገለብጠው የሚያገኘው ሌላ ጀርባ ነው። ዛሬ ኮፐንሃገን ባለው የዴንማርክ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እነዚህ ቀልዶች ናቸው፤ ጥሩ ቀልዶች። የፖዞ ሥራ ግን ቀልድ አይደለም፤ ለዚህም ነው ጠንከር አድርገን መመርመር ያለብን።

መጀመሪያ ሙያውን እናክብር። በጎበጠ ነገር ላይ ቀጥ ያለ ዓምድ መሳል እንዴት ይቻላል? ጣሪያው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብትስሉ ከታች ሲታይ ጎብጦ ይታያል። ስለዚህ ከታች ቀጥ ብሎ እንዲታይ ላይ ሲሳል መጉበጥ አለበት። ፖዞ ንድፉን ወረቀት ላይ በካሬ በካሬ ከፈለው። ከዚያ ጣሪያው መጎበጥ ከሚጀምርበት ከፍታ ላይ እንደ መረብ ክር ወጠረ። ተመልካቹ ከሚቆምበት ነጥብ ሌላ ክር ይወጠራል፤ የመረቡን መስመር እየነካ ወደ ጣሪያው ያልፋል፤ የደረሰበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። መብራት ከታች አስቀምጦ የመረቡን ጥላ ላይ ማሳረፍም ይቻላል። ዘዴውን ደብቆ አልያዘም። በ1693 እና በ1700 በሁለት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፍ ለማንም እንዲገባ አድርጎ ከነሥዕሉ አስተማረ። አታላይ የሚባል ሰው እንዲህ አያደርግም። የሙያውን ሚስጥር ለሕዝብ የሚያትም አታላይ ማን አይቶ ያውቃል?

አሁን ወደ እብነ በረዱ እንመለስ። ከዚያች ክብ ሁለት ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ስትሉ ዓምዶቹ መዝመም ይጀምራሉ። ራቅ ስትሉ ጭራሽ ሊወድቁ ይመስላሉ። በዘመኑ ይህንን ያነሡበት ነበሩ፤ አንድ መቆሚያ ብቻ ያለው ሥዕል ጎደሎ ነው ብለው። ፖዞ ግን ያለ አንድ ነጥብ ሥራው አይቆምም ብሎ ጸና፤ ተማሪዎቹንም መስመራቸውን ሁሉ ወደ እውነተኛው ነጥብ፣ ወደ እግዚአብሔር ክብር፣ እንዲስቡ መከራቸው። የሐሰተኛው ጉልላት ዓምዶች በትናንሽ ድጋፎች ላይ መቆማቸው ያልተዋጠላቸው አርክቴክቶችም ነበሩ። እሱ እንደሚተርከው፣ አንድ ሠዓሊ ወዳጁ «ዓምዶቹ የወደቁ ቀን ኪሳራውን እኔ እችላለሁ» ብሎ አሳረፈው።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ምርጡ ነገር ያች ወለል ላይ ያለች ክብ ናት። ምክንያቱም ትናገራለች፤ «እዚህ ቆማችሁ እዩ፣ ከዚህ ስትወጡ ይፈርሳል» ትላለች። ማታለሉን ከነመፍቻው ነው የሰጠን። ሰው እየሳቀ ወጣ ገባ ይላል፤ አንዴ ቤቱን ያቆመዋል፣ አንዴ ያፈርሰዋል። በዚህ ጊዜ ዓይናችን እንዴት እንደሚሠራ እንማራለን፤ የምናየው ከቆምንበት ቦታ ጋር የተሳሰረ መሆኑን በእግራችን እናረጋግጣለን። እኛ ሥዕሉን የምናየው በስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ ይህ ደስታ የለም፤ ፎቶ አንሺው ክቧ ላይ ስለሚቆም ዓምዱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው። ከቻላችሁ ሰው እየተራመደ የቀረጸውን ቪዲዮ ፈልጉ።

ሐሰተኛው ጉልላት ግን እኩል አይደለም። ሥራው ጨለምለም ያለ ነው፤ ጥበቡም አንድ ብቻ ነው። «አሃ፣ ለካ የለም» ካላችሁ በኋላ ሌላ የሚያሳያችሁ ነገር የለውም። ትልቁ ጣሪያ መታለላችሁን ካወቃችሁ በኋላም ታሪክ ይነግራችኋል። ችግሩ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

ታሪኩ ይኼ ነው። ከመሐል፣ ከክርስቶስ፣ ብርሃን ይወጣና የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ወደሆነው ኢግናጢዮስ ልብ ይደርሳል። ከእሱ ደግሞ ወደ አራት አቅጣጫ ይከፈላል፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አፍሪካ። አራቱ ክፍለ ዓለማት በአራት ሴቶች ተመስለዋል። አውሮፓ ፈረስ ላይ ናት፣ እስያ ግመል ላይ። አፍሪካ አዞ ላይ የተቀመጠች ጥቁር ሴት ናት፤ የዝሆን ጥርስ ይዛለች። ትርጉሙ ብርሃኑ በዓለም ሁሉ ደረሰ፣ ሁሉም ተቀበለው ነው።

እኛ ግን ከዚያች አፍሪካ ነን፤ ስለዚህ እንጠይቅ። ኢግናጢዮስ ቅዱስ የተባለው በ1622 ነው። በዚያው ዓመት አጼ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ፤ ኢየሱሳውያኑ አጠገባቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፦ ሕዝቡ ተነሣ፣ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ አወጁ፤ ዙፋኑንም ልጃቸው ፋሲለደስ ያዙ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ጣሪያው ሲጠናቀቅ ይህ ከሆነ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ማኅበሩ ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። ጣሪያው ላይ ግን ምልክቱ እንኳ የለም።

እንግዲህ ትልቁ ትሮምፕ ሎይ ዓምዱ አይደለም። ለዓምዱ ክብ ተቀምጦለታል፤ «ፈቀቅ በሉና ሐሰት መሆኑን እዩ» ይላል። ሁሉም ብርሃኑን ተቀበለ ለሚለው ነገር ግን ወለሉ ላይ ምልክት የለም። ከየትኛው ነጥብ ሲታይ ነው ቀጥ የሚለው? ከሮም ሲታይ ነው፤ ከጎንደር ሲታይ ይዘማል። ይህን የምለው ካቶሊክ ወገኖቻችንን ለመንካት አይደለም፤ ማንኛውም ማኅበር የራሱን ታሪክ ጣሪያ ላይ ሲስል ይህ ፈተና ያገኘዋል፤ የእኛንም ይጨምራል።

ጎንደርን ካነሣን ደብረ ብርሃን ሥላሴን እናስታውስ። መጀመሪያ የተመሠረተው በቀዳማዊ አጼ ኢያሱ ዘመን፣ ፖዞ ጣሪያውን በሚሠራበት ዐሥር ዓመት ውስጥ ነው፤ ዛሬ የምናየው ሕንፃና ሥዕል ከዚያ በኋላ የመጣ ነው ይባላል። እዚያም ጣሪያው ተስሏል፤ በየሰረገላው መሐል ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች፣ ከመቶ በላይ፣ ቁልቁል ያዩናል። ጣሪያውን ሰማይ ለማስመሰል ማንም አልደከመም፤ እንጨቱ እንጨት ነው፣ ሥዕሉም ሥዕል ነው። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ በየትም ብትቆሙ ያዩአችኋል፤ መቆሚያ ክብ አያስፈልግም። ፖዞ ጋ እኛ ሰማዩን እናያለን፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ እኛን ያየናል። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ፖዞ ያስደንቀኛል፣ ጎንደር ግን ያሳርፈኛል። የአገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በር ሥር የቆመችው አሮጊትም፣ መሐል የቆመው ባለሥልጣንም እኩል ስለሚታዩ ነው።

ይህ ጥበብ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ዶሃ ያላችሁ ቪላጂዮ ሞልን ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ሰማይ ሆኖ ተስሏል፣ ውስጡ እንደ ቬኒስ ቦይና ጀልባ አለው። እዚያ ውስጥ አይመሽም። ሰማዩ የተሳለው ቀና ብለን እንድናስብ አይደለም፤ ሰዓት ረስተን እንድንገዛ ነው። ዘዴው የፖዞ ዘመድ ነው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። ወለሉ ላይም ክብ የለም።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው የእኛው እጅ ሥራ ነው። ከማዳም ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን፣ ከሰው መኪና ተደግፈን፣ ሞል ውስጥ ፏፏቴ ሥር ቆመን የምንነሣው ፎቶ። ሶፋው እውነት ነው፣ መኪናውም እውነት ነው። ፎቶው ግን ከአንድ ነጥብ ብቻ የሚቆም ቤት ነው፤ ያች ነጥብ ደግሞ እናታችን ስልክ ይዛ የተቀመጠችበት ናት። የሦስት ወር ያልተከፈለ ደመወዝ፣ እኩለ ሌሊት የሚያልቅ ሥራ፣ የተያዘ ፓስፖርት ከዚያ አይታይም። መሳቅና ማማር ኃጢአት አይደለም፤ እናት እንዳትጨነቅ ብሎ ደህና መምሰልም ከፍቅር ነው። ነገር ግን ታናሽ እኅት ያንን ፎቶ አይታ «እኔም ልምጣ» ስትል፣ ደላላውም ያንኑ ፎቶ ለሌሎች ሲያሳይ፣ ሥዕሉ ቀልድ መሆኑ ያበቃል። ደላላ የፖዞ ችሎታ አለው፤ የሌለው የፖዞ ክብ ናት።

ስለዚህ ከዚህ ጣሪያ የምንወስደው አንድ መለኪያ ነው። የሌለውን ያለ አስመስሎ መሳል ውሸት አይደለም፤ ውሸት የሚሆነው መቆሚያው ሲደበቅ ነው። ፎቶውን ስትልኩ ክቧንም አብራችሁ ላኩ፤ «ሶፋው የማዳም ነው፣ እኔ የምተኛው ሌላ ቦታ ነው» የምትል አንዲት አረፍተ ነገር ትበቃለች። ቤቱ ይፈርስ ይሆናል፤ እኅታችን ግን ከሥሩ አትሆንም።

ለውይይት፦

1. ሥዕልን ከሐሰት የሚለየው ምንድን ነው? ሳሙኤል በእሴይ ቤት ኤልያብን አይቶ የገመተውን (1ኛ ሳሙ. 16) እያሰባችሁ ተነጋገሩ።

2. ጣሪያው ላይ ያለችውን አፍሪካ ዛሬ አንድ የእኛ ሰው ቢስላት በምን ላይ ያስቀምጣታል? ምን ያስይዛታል?

3. ከመምጣታችን በፊት የታየን ሥዕል ምን ነበር? ከየትኛው ነጥብ ነበር ቀጥ የሚለው? ዛሬ ለሚጠይቁን ሰዎች ክቧን እንዴት እናሳያቸው?