አንድ ስም፣ ስድስት ጓዳ

ለመሆኑ «ሂስፓኒክ» የሚባል ሰው ምን ይበላል? በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ይህን ስም ለመላው ሕዝብ በታደለው ቅጽ ላይ አሰፈረው። ለቆጠራ የዋለውን ስም ሐኪሙም ጋዜጠኛውም ተዋሱትና የአንድ ገበታ ስም አስመሰሉት።

ገበታው ግን አንድ አይደለም። የሜክሲኮ ሰው በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅሎና ፈጭቶ ቶርቲያ የተባለውን ስስ ቂጣ ይጋግራል፤ በቦሎቄም ይበላዋል። የኩባው ነጭ ሩዝ ከጥቁር ቦሎቄ፣ ከአሳማ ሥጋና ከተጠበሰ ሙዝ ጋር ያቀርባል።

ከ2008 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲያጎ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎችን የመዘገበ አንድ ሰፊ ጥናት ይህን ስም በስድስት ከፍሎ መረመረው። ምስጋና ይገባዋል። በ2014 በወጣው ውጤት የስኳር በሽታ በደቡብ አሜሪካ ተወላጆች ዘንድ 10.2 በመቶ፣ በኩባውያን 13.4 በመቶ፣ በሜክሲኮ ተወላጆች ደግሞ 18.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ስም ቢደመሩ ኖሮ ይህ ልዩነት ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

«እንግዲያው ጥፋቱ የቶርቲያው ነው» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። ሙግቴ ከዚህ ይጀምራል። በዚያው ጥናት ከሁሉም የላቀ ጉልበት ሰጪ ምግብና ስብ የሚመገቡት ኩባውያን ናቸው። ከዕፅዋት የሚገኘውን ፕሮቲን በብዛት ከሚመገቡት መካከል ደግሞ ሜክሲኮዎቹ አሉ። ታዲያ በሽታው የበረታው በየትኞቹ ላይ ነው? ምግብ ብቻውን መልስ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በተገለበጠ ነበር። ጥናቱ ራሱ እንደሚያሳየው፣ በሽታው በአሜሪካ የኖሩበት ዘመን በረዘመ ቁጥር ይጨምራል፤ ትምህርትና ገቢ ከፍ ባለበት ደግሞ ይቀንሳል።

ጥናቱም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። ምግቡን የመዘነው ተሳታፊዎችን ሁለት ጊዜ «ባለፉት 24 ሰዓታት ምን በላችሁ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ሁለት ቀን የዕድሜ ልክ ገበታን አይናገርም። ደግሞስ «ደቡብ አሜሪካ» ሲል የፔሩን ድንችና የአርጀንቲናን የበሬ ሥጋ በአንድ ድስት አልከተተም?

ሐኪም አንዲትን እናት «ቂጣውን ተዪ» ብሎ ከመሸኘቱ በፊት በምትኩ ምን እንደምትበላ፣ ኪሷም ምን እንደሚገዛ ይጠይቃት። ይህን ካልጠየቀ ከጓዳዋ የሚያስወጣው በሽታውን ሳይሆን ቦሎቄዋን ሊሆን ይችላል።