የማይጻፈው ጥብቀት፦ ስለ አማርኛ አጽንዖት ከፔታህ ቲክቫ

በእስራኤሏ ከተማ በፔታህ ቲክቫ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ከኢትዮጵያ ከመጡ አያቶች አፍ ደጋግሞ የሚሰማው ማጽናኛ ሁለት ቃል ነው፦ «እግዜር አለ»። «ለ» ይጠብቃል። እዚሁ ተወልዶ ያደገው የልጅ ልጅ ያንኑ ሲደግመው «ለ» ይላላል። አያቱ እግዜር መኖሩን ነገሩን፤ ልጁ ግን እግዜር ተናገረ ብሎ ዝም አለ። ሰሚው «ምን አለ?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል።

ሽማግሌዎቻችን በለሆሳስ ስለሚናገሩ ቃላቸው አጽንዖት የለውም የሚል የተለመደ ፍርድ አለ። ይህ አጽንዖትን በጩኸት የሚለካ ጆሮ ፍርድ ነው። አማርኛ ኃይሉ ተነባቢውን በመያዝ ላይ ነው፤ «አጥብቆ ጠየቀ»፣ «አጥብቄ እነግርሃለሁ» የምንለው በከንቱ አይደለም። ዕብራይስጥም ዘመድ ነውና አጽንዖትን «ሃድጋሻ» ሲል ስሙን የወሰደው ፊደል ከሚያጠብቀው ነጥብ፣ ከ«ዳጌሽ» ነው። ልዩነቱ፣ የዛሬው የእስራኤል ዕብራይስጥ ነጥቡን ይዞ ጥብቀቱን ጥሏል፤ አማርኛ ጥብቀቱን ይዞ በተለመደው ጽሕፈቱ ነጥብ የለውም።

ጥብቀት ፍቺ ይለያል እንጂ ስሜት አያጎላም የሚል ይኖራል። «በቃ!» የምትል እናትን ያድምጥ። «ቃ» ላይ አትጮኽም፤ ከ«ቃ» በፊት ትንፋሿን ትይዛለች። ቁጣዋ ያለው እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው።

በዜማም እንዲሁ ነው። ለ፣ መ፣ ነ ሲጠብቁ ድምፃዊው ዜማውን በላያቸው ያሻግራል። ቀ፣ ተ፣ ከ፣ ጠ ሲጠብቁ ግን ድምፅ ይቆማል፤ አጽንዖቱ ዝምታው ራሱ ይሆናል። ጥሩ አዝማሪ ይህችን ዝምታ አይሞላትም። በሠርግ አዳራሾቻችን የሚጨበጨበው ግን አናባቢውን ለሚያስረዝመው ነው፤ የተረፈውን ክፍተት ኪቦርዱና ኤኮው ይደፍኑታል። ይህን ጌጥ የሚሉ አሉ፤ እኔ ቃልን ማነቅ እለዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ሲመጡ ጥብቀቱም በጆሮ ተይዞ መጣ። ያልተጻፈ ነገር ከጆሮ ወደ ጆሮ ካልተላለፈ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት የማኅበረሰባችንን በዓል ሲግድን ብሔራዊ በዓል ሲያደርግ የቄሶቻችን ግዕዝ አደባባይ ወጣ፤ የአያቶቻችን አማርኛ ግን የጓዳ ቋንቋ ሆኖ ቀረ።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በአንዳንድ መዝገበ ቃላት የጠበቀ ፊደል አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ ይደረግበታል። ፔታህ ቲክቫ ያደገ ልጅ ነጥብ አያስፈራውም፤ ዕብራይስጥን ማንበብ የጀመረው በነጥብ ነው። አማርኛ የምናስተምርበት መጽሐፍ እነዚያን ሁለት ነጥቦች ይያዝ፤ አያትም አጠገቡ ተቀምጣ ታሰማው።

የከተማዋ ስም «የተስፋ በር» ማለት ነው። ልጁ ነገ ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ «ለ»ን አጥብቆ «እግዜር አለ» ሲል ሰሚው ቀሪ አይጠብቅም። ቃሉ ሙሉ ነው።